የማክሰኞዋ ተረኛ

ጥቅምት 9 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለእኔ መርማሪ፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ወገብሽ እንዴት ሆነ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ቢሆን ሰሞኑን ምን እንዳደረግኩት ስትሰሚ አንቺው ታዝኚለታለሽ። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሴትዮ በስልክ መናገር ሲያቅተኝ አስቢው! ደግሞም ስልክ ላይ ማን ጆሮውን እንደጣለ አይታወቅም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው እንጂ እንደ ልማድሽ ቆመሽ እንዳታነቢው።

የጀመረው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ክብ መነጽር ያደረገች፣ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያንጠለጠለች ቆማለች።

«የደራሲዋ እናት ነዎት?» አለችኝ።

«ማን ልበል?» አልኳት በሩን በግማሽ ይዤ።

የሕይወት ታሪክሽን ልትጽፍ እንደመጣች ነገረችኝ። አንቺም እንደምታውቂና «እናቴ ከፈቀደች ግዴለም» እንዳልሻት ጨመረችልኝ። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላልሽም። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ስለ ጉልበቴና ስለ መድኃኒቴ ብቻ ጠይቀሽኝ ትዘጊያለሽ። ሆዴ መጠርጠር የጀመረው እዚያው በር ላይ ነው። ልጄ ሰው ልካብኝ ይሆን? አልኩ።

አስገብቼ ሻይ አፈላሁላት። ሻዩን ትታ ዓይኗን መደርደሪያው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያንቺ ክፍል በር ላይ ታንከራትታለች። መቅጃዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ነገር አሁን እየሰማን ነው?»

«ገና አልከፈትኩትም።»

«ታዲያ ቀዩ መብራት ምንድን ነው?»

«ባትሪው ነው እናቴ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ ስሟን «መነጽሯ» ብያታለሁ።

መቼም አንዴ ስላንቺ ከጠየቁኝ አፌ አይዘጋም። በአምስት ዓመትሽ ጎረቤታችንን «ባልሽ ለምንድን ነው የማይመጣው?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቀሻት፣ ሴትዮዋ እኔን ወር ሙሉ እንዳኮረፈችኝ አጫወትኳት። በስምንት ዓመትሽ ደብተር ይዘሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ወጣ ብለሽ ስትመዘግቢ አባትሽ «ይቺ መርማሪ ናት» ብሎ ስም እንዳወጣልሽም ነገርኳት። ጋዜጣ ቤት በአራሚነት ተቀጥረሽ፣ በስድስተኛው ወር አለቃሽን «ፊደሉን ላርመው እችላለሁ፣ ውሸቱን ግን እንዴት ላርመው?» ብለሽ ተባረርሽ። ስለ መንገድ ጠራጊ ሴቶች ለመጻፍ ዓመት ሙሉ መጥረጊያ ይዘሽ አብረሻቸው ጠረግሽ። ስለ ድንጋይ ፈላጮቹ ሳንባ ስትጽፊ ደግሞ አንቺም ሳል ይዞሽ ተመለስሽ። አባትሽ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዱን መጽሐፍሽን በአራት ወር ይጨርስና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ይህን ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ትንሽ ለሰለስኩላት።

ወዲያው ግን «ስለ ሦስተኛው መጽሐፍ እናውራ» አለች።

ይኸውልሽ፣ አልኩ በልቤ፤ ነገሯ ይሄ ነው።

አንቺ የጻፍሽውን እሷ ለእኔ ታወራልኝ ጀመር። ያን ማክሰኞ ከሰዓት የግድቡ ዘበኛ ውሃው ሊያልፍ መሆኑን አይቶ ወደ ስልክ ቤታችን ለሃያ ሦስት ደቂቃ ደወለ። የሚያነሳ ጠፋ። ሰውዬው ስልኩን ትቶ በእግሩ ወደ ከተማ ሲሮጥ ውሃው ቀደመው፤ ታችኛው ሰፈር ሠላሳ አንድ ሰው አለቀ። አጣሪ ኮሚቴው «መስመሩ በዝናብ ተበላሽቶ ነበር» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሃያ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ አንቺ ተነሥተሽ፣ የጥገና ወረቀቶቹን ፈልፍለሽ፣ ዘበኛውን ከተደበቀበት መንደር አውጥተሽ፣ መስመሩ ጤነኛ እንደነበር አረጋገጥሽ። «ሃያ ሦስት ደቂቃ» ብለሽ አሳተምሽው። ያ ትልቅ ሽልማት መጣ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልሽ። እኔም ፊት ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ።

መነጽሯ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ገለጠች። «የተረኞች መዝገብ ላይ የዚያ ቀን ገጽ ተቀድዶ ስለጠፋ፣ ተረኛዋ ማን እንደነበረች ማወቅ አልተቻለም» ብላ አነበበችልኝ። እኔ ያን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ነው የማውቀው።

«ከስድስቱ ኦፕሬተሮች አንዷ እርስዎ ነዎት አይደል?»

«መግቢያው ላይ ተጽፏል፤ ልጄ አልደበቀችም።»

«ያን ማክሰኞ ማን ነበረች?»

«አላስታውስም።»

እስከዚያ ድረስ ብስል እንኳ የምትጽፈው ልጅ ይህን አልጻፈችውም። ያልጻፈችው ነገር ነው ያስፈራኝ።

እሷን ከሸኘኋት በኋላ ያ ቀን ትዝ አለኝ። መጽሐፉን የምትጽፊ ጊዜ፣ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ መጥተሽ «እማዬ፣ ያን ቀን ማን ነበረች?» አልሽኝ። «አላስታውስም» አልኩሽ። እስክሪብቶሽን ከደንሽና ወጣሽ። ሰውን አሥር ጊዜ ሳትጠይቂ የማትለቂ ልጅ፣ እኔን አንዴ ብቻ ጠይቀሽ ተውሽኝ። ያኔ «እፎይ» ብዬ ነበር። አሁን ግን ለምን ተወችኝ? የሚለው እረፍት ነሣኝ።

በማግስቱ የድሮ የሥራ ድምፄን አወጣሁና አሳታሚዎችሽ ጋ ደወልኩ። «ከማዕከል ነው የምንደውለው፤ ለመረጃ ያህል ነው» ብዬ ስለ ልጅቷ ጠየቅኩ። እውነተኛ ናት አሉኝ፤ ውል ፈርማለች፣ ሁለት መጽሐፍ ጽፋለች። እውነተኛ መሆኗ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ። ሌባ ብትሆን ኖሮ በሩን ዘግቼ እገላገላት ነበር።

ሁለተኛ ቀን ስትመጣ ስለማይረባ ነገር አውርተን «ሌላ ቀጠሮ አለኝ» ብላ ተነሣች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተከተልኳት። አዎ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ! ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ በዚያው አውቶቡስ በኋለኛው በር ገባሁ። የወረደችው እትዬ ደወል ሰፈር ነው። የድሮዋ የሺፍት ኃላፊያችን፣ አንቺ በድምፃቸው የተነሳ ስም ያወጣሽላቸው። ፊት ለፊት ካለው ጎማ መጠገኛ ቤት አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰውዬው ቢቸግረው «እማማ፣ የሚጠገን ጎማ አለዎት?» አለኝ። «ጉልበት ከጠገንክ እሱ አለኝ» አልኩት።

መነጽሯ ወጥታ ስትሄድ እኔ ገባሁ። እትዬ ደወል አልጋ ላይ ናቸው፤ ሰውነታቸው አልቆ ድምፃቸው ብቻ ቀርቷል።

«ለዚያች ልጅ ምን ነገሯት?» አልኳቸው፣ እንኳን ልቀመጥ ሰላም ሳልል።

«ምንም! እንድትሄድልኝ ስዘባርቅባት ዋልኩ። ለልጅሽ የነገርኳትን ለሌላ እነግራለሁ እንዴ?»

«ለልጄ? ለልጄ ምን ነገሯት?»

«እውነቱን ነዋ! ያን ቀን አተኩሷት ስለነበር ሥራሽን ጥለሽ ወደ እሷ መሮጥሽን። ገጹንም ሰጠኋት። እኔው ነኝ የቀደድኩት፤ ልጇ የታመመባትን እናት አሳልፌ አልሰጥም ብዬ። እሷ እንዴት እንዳለቀሰች! ‹ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ› ብላ አስምላኝ ሄደች።»

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። መንገዱን ሁሉ አንቺን ስጠረጥር ነው የመጣሁት። ለካ ታውቃለች። ለካ ሽልማቱን ስትቀበል፣ እኔ ፊት ወንበር ላይ ሳጨበጭብ፣ ታውቅ ነበር። ለዚህ ነው ያን የማስተማር ሥራ ይዛ ከእኔ የራቀችው። ለዚህ ነው በስልክ ከጉልበቴ ሌላ የማትጠይቀኝ። ተጸይፋኛለች አልኩ። ይቅር በይኝ፤ እንዲህ ብዬሻለሁ።

ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ክፍልሽን በረበርኩ። አልጋሽ ሥር ካሉት ካርቶኖች የዚያን ዓመት ደብተርሽን አገኘሁት። ገጹ በመሐሉ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ ቀለም፣ የእትዬ ደወል ጽሕፈት፣ ማክሰኞ፣ የእኔ ስም። ከጎኑ ያንቺ ጽሕፈት፦ «እማዬን አንዴ ጠየቅኳት። ሁለተኛ አልጠይቃትም።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ባያተኩሰኝ ኖሮ።» ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት በሙሉ ባዶ ነው። እስከ መጨረሻው ገለጥኩት።

ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ትናንት መነጽሯ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። «ግልጹን ንገሪኝ» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ የምትፈልጊው ምንድን ነው? ተረኛዋን ነው?»

«አይደለም እናቴ» አለች። «እሱን ከእርሷ መጽሐፍ በላይ አላውቅም። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። በስምንት ዓመት ሦስት መጽሐፍ የጻፈች ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሽልማት በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ መስመር አልጻፈችም። ለምን? ብዬ ስጠይቃት ‹ስለ እውነት ለመጻፍ መብት ያስፈልጋል፤ እኔ የለኝም› አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?»

«ደብዳቤ እስክጽፍ ታገሺኝ» ብቻ አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በከንቱ ነው ያማኋት።

አሁን ስሚኝ፣ ልጄ። ያን ቀን አላተኮሰሽም።

ያን ቀን ደህና ነበርሽ። ከጎረቤት ልጆች ጋር በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ቤት ትሠሪ ነበር። ያተኮሰሽ ከስምንት ቀን በኋላ ነው፣ ከጎርፉ ሸሽተን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ ስንተኛ ብርድ ገብቶብሽ። ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ጎርፉንና ትኩሳቱን በልጅ ልብሽ አንድ ላይ ሰፋሻቸው። እኔም አልፈታሁልሽም። በሰው ሁሉ ላይ ሁለት ማስረጃ የምትፈልጊ ልጅ፣ በራስሽ ላይ አንድ አሮጊት በቃችሽ?

እኔ የሄድኩት አባትሽን ጠርጥሬ ነው።

ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት አባትሽ የሚሠራበትን ጋራዥ አገናኚኝ አለችኝ። ድምጿ ለስላሳ ነው። አገናኘሁና መስመሩን አልለቀቅኩም፤ ክልክል ነው፣ ግን ሁላችንም እናደርገው ነበር። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደተለመደው» አለችው። «እሺ፣ ግን ባለቤቴ እንዳትሰማ አደራ» አላት። ያ ሌሊት እንዴት እንደነጋልኝ አልነግርሽም። ማክሰኞ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወልዳ ቀርታለች፤ እትዬ ደወል ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሄደዋል። የስልክ ማገናኛው ሰሌዳ ላይ እኔ ብቻ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና በዝናቡ ወጣሁ። የሴትዮዋን አድራሻ ከመስመር መዝገቡ አውጥቼዋለሁ፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ አይቼውና አዋርጄው እመለሳለሁ አልኩ።

በመስኮቱ አየሁ። አባትሽ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ጥፍሩ ውስጥ የመኪና ግራሶ እንዳለ፣ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ፀጉራቸው የነጣ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ማንበቢያ መጽሐፍ ይዘው ቆመዋል። እሱ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ አንድ፣ አንድ እያለ ያነባል። ልጄ፣ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ማንበብ እንደማይችል አላውቅም ነበር! ጋዜጣ ገልጦ ይቀመጥ ነበር እኮ። ደንግጬ ቀረሁ። ልሂድ ብል እግሬ እምቢ አለ። አስተማሪዋ በዚያው በስልክ በሰማሁት ለስላሳ ድምፅ «በል አሁን የልጅህን ስም ጻፍ» አሉት፤ ጻፈ፤ እንደገና ጻፈ፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ዝናብ እየወረደብኝ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። ሃያ ሦስቱ ደቂቃ ይሄ ነው።

ስመለስ የግድቡ መስመር አምፖል ይበራል፣ ይጠፋል። ሶኬቱን ሰካሁ። «ሃሎ» አልኩ። ማንም የለም። «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። ሩቅ ላይ የውሃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እሱም ተቋረጠ።

እትዬ ደወል መጥተው «የት ነበርሽ?» ብለው ሲጮሁብኝ አፌ ላይ የመጣልኝ አንቺ ነሽ። «ልጄ አተኩሷት» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ለእሳቸው የተናገርኳት ቃል ዞራ ዞራ አንቺን ታገኝሻለች ብዬ መቼ አሰብኩ? ለአባትሽም እስኪሞት አልነገርኩትም። እሱ ፊደል መማሩን ደበቀኝ፣ እኔም ማየቴን ደበቅኩት፤ እንዲሁ ተደባብቀን ተለያየን።

እና መብት የለኝም አትበዪ። መብቱ ያንቺ ነው፤ የሌለኝ እኔ ነኝ። መነጽሯ ትጻፈው ካልሽ ትጻፈው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አንቺ ጻፊው። ስሜን ሳትደብቂ፣ መስኮቱንም፣ ያንን ውሸቴንም።

ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ

ደብዳቤውን ሐሙስ አሽጌ ላስገባው ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አንድ ነገር ቀረኝ። ላንቺ በወረቀት መናገር ቀላሉ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። አራተኛው ምዕራፍሽ ላይ ያለው፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ውሃ የወሰደበት። ሱቁ አሁን ገበያው ጀርባ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ኮት ይተኩሳል። ሸምግሏል። «ይቀመጡ እናቴ፣ ምን ልስፋልዎት?» አለኝ።

«የሚሰፋ የለኝም» አልኩት። «የጎርፉ ቀን ስልክ ቤት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ስልኩ ሲደወል አልነበርኩም። ሕመም አልነበረም፣ መስመሩም አልተበላሸም። ባሌን ስሰልል ነበር።»

ካውያውን አነሣና በጎኑ አቆመው። ኮቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ መስቀያ ላይ ሰቀለው፤ ትከሻውን አስተካከለ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ ፈታው፣ እንደገና ቆለፈው። እኔ ቆሜያለሁ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ አልደፈርኩም።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ በመጨረሻ። እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው አንቺ አለኝ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የምጠይቃት ጥያቄ ነበረችኝ» አለ። «በየቀኑ ነው የማዘጋጃት። አሁን ቆመሽ ሳይሽ ጠፋብኝ።» ጀርባውን ሰጠኝ። ልሂድ ብዬ ስዞር «ነገ ነይ» አለኝ። «ዛሬ አልችልም። ነገ ነይና ትጠይቂኛለሽ ወይ እጠይቅሻለሁ። ብቻ እንዳትቀሪ።»

አልቀርም። ስለዚህ ነገ እሑድ ጠዋት ደውለሽ ሳላነሣ ብቀር፣ ይህ ሲደርስሽ ምክንያቱን ታውቂያለሽ፤ እሱ ጋ ነበርኩ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሊሰድበኝ ይችላል፣ ሊያስወጣኝ ይችላል፣ ወይ ስለ ልጆቹ ሊያወራኝ ይችላል። የመጨረሻው ነው የሚያስፈራኝ።

አምላክ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ወገብሽን ያቅናልሽ፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ። በሄድሽበት ሁሉ ሰው የሚወድሽ፣ የሚያምንሽ ይሁን። ከእኔ የወረስሽው ክፉ ጥርጣሬ ካለ ይንቀልልሽ፤ ከአባትሽ የወረስሽው ትዕግሥት ይብዛልሽ።

እናትሽ